ደጅ ጥናት

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በ1997 ዓ.ም.፣ ገናን ያሳለፍነው ከዲላ በላይ ባለው ደጋ፣ ቡሌ ላይ፣ ድንኳን ውስጥ ነው። ይህን ለጓደኞቼ ስንትና ስንት ዓመት አውርቻለሁ፤ ከዲላ ድንኳን ጭኖ በሞተር ሳይክል ለሽርሽር በመውጣት የኛን ቤተሰብ የቀደመ የለም እያልኩ። እማዬ አጠገባችን ካለች ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች። ጋሼ ዳምጠው ግን ሳቁን መያዝ ስለማይችል ተነስቶ ይወጣል። እውነቱን የነገሩኝ ዩኒቨርሲቲ ልገባ ስል ነው። እስከዚያ ያልነገሩኝ ደብቀውኝ አይደለም፤ የኔው ወሬ ከእውነቱ ይልቅ ስለጣማቸው ነው።

እማዬ ሸዋአለም ትባላለች። ዲላ ገበያ አጠገብ የጨርቅ ሱቅ አላት፤ ወላጆቿ ከሰሜን ሸዋ መጥተው የከፈቱት ነው። አባቴን የማውቀው በፎቶ ነው፤ እኔ እግር ሳልተክል ሞተ። አክሱማዊት ብሎ ስም አወጣልኝ፣ ጓሮ ውስጥ ደግሞ በሸራ የተሸፈነ አንድ ያማሃ ሞተር ሳይክል ትቶልን ሄደ።

ጋሼ ዳምጠው ወደ ቤታችን የመጣው በዚያ ሞተር ምክንያት ነው። መካኒክ ነው፤ ተወልዶ ያደገው ቡሌ፣ የሚሠራው ዲላ። እማዬ ሞተሩን ልትሸጠው አስባ፣ ከመሸጡ በፊት እንዲያየው አስጠራችው። የሞተሩ ሕመም ከባድ ሳይሆን አልቀረም። ጋሼ ዳምጠው በየቅዳሜው እየመጣ ይፈታዋል፣ ያጥበዋል፣ መልሶ ይገጥመዋል። እማዬ ሻይ ይዛለት ትወጣና አጠገቡ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። ክረምቱ ገባ፣ ክረምቱ ወጣ፤ ሞተሩ አልዳነም። እኔ እንደውም ለሞተሩ ማታ ማታ መጸለይ ጀምሬ ነበር። ለሚ፣ ከጋሼ ዳምጠው ጋር አንድ ጋራዥ የሚሠራው ጓደኛው፣ በኋላ እንዳጫወተኝ፣ የሞተሩ ችግር አንዲት ካንዴላ ነበረች። የተቀየረችውም በመጀመሪያው ቅዳሜ ነው።

በጥቅምት ወር ሁለቱም ማዘጋጃ ቤት ሄደው ፈረሙ። ለኔ የተነገረኝ «ጋሼ ዳምጠው ከእንግዲህ ከኛ ጋር ይኖራል» ተብሎ ነው። ሞተሩ እንዲህ ከታመመ ሐኪሙ ቅርብ ቢሆን ይሻላል ብዬ ተቀበልኩ።

ከዚያ በኋላ ነው ስለ ሽማግሌዎች ማውራት የጀመሩት። መጋረጃውን ጋርደው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። ሽማግሌዎቹ ወደ ቡሌ ይሄዳሉ፤ ጋሼ ዳምጠው ደግሞ በሳምንቱ «ዛሬም መለሰቻቸው» ይላል። እኔ በልቤ አመሰግናለሁ። የቡሌ መንገድ ገደል እንዳለው ሰምቻለሁ፤ ሽማግሌዎቹን እየያዘች የምትመልስ አንዲት ደግ ሴት አለች ማለት ነው። እማዬ በዚህ ለምን እንደምታዝን ግን አይገባኝም ነበር።

ገና ሊገባ ሲል ጋሼ ዳምጠው እንዲህ ሲል ሰማሁት፦

«ሽማግሌ መላክ በቃን። ራሳችን ሄደን ደጅ እንጥና።»

«በዚህ ብርድ? ልጅቷን ይዘን?»

«ልጅቷን ይዘን ነው እንጂ። እናቴ ልቧ ድንጋይ አይደለም።»

«እንግዲያው እስኪያልቅለት አልመለስም» አለች እማዬ። «ጀምረን ከምናቋርጥ ባንሄድ ይሻላል።»

ጥናት ምን እንደሆነ ከአስተማሪያችን ከጋሽ ጓንጉል አውቃለሁ። ደጅ ማለት ደግሞ ውጭ ማለት ነው። ጋሽ ጓንጉል ራሱ አንዳንዴ ሲሞቅ ከክፍል አውጥቶ ዛፍ ሥር ያስጠናናል። ስለዚህ ምንም አልጠየቅኩም። አካባቢ ሳይንሴንና ሒሳቤን በፌስታል ጠቅልዬ ልብሴ ውስጥ ከተትኩ።

ድንኳኑ የመንገድ ቀያሾች ነበር፤ አረንጓዴ፣ ከባድ፣ የናፍጣ ሽታ ያለው። ጋሼ ዳምጠው ሞተራቸውን ሠርቶላቸው ስለነበር ለበዓሉ አዋሱት። ለምን ድንኳን እንደያዝን ስጠይቀው፣ «ፈረንጆች በዓል ሲሆን ብርድ ያለበት ቦታ ወጥተው ድንኳን ውስጥ ነው የሚያድሩት» አለኝ። ማጥናታቸውን አልነገረኝም፤ ፈረንጅ ግን ያለ ጥናት እንደማይኖር ገምቻለሁ።

ገና ዓርብ ዋለ። ዶሮውን በልተን፣ ከቀትር በኋላ ተነሳን። ጋሼ ዳምጠው ያማሃውን ያዘ፤ እኔ መሀል፣ እማዬ ከኋላ። ለሚ በራሱ ሞተር ድንኳኑንና ብርድ ልብሱን ጭኖ ይከተለናል፤ ከጭነቱ ብዛት ከኋላው ሲታይ ሰውየው የለም። ከዲላ ስንወጣ ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣው ቡና ይሸታል፤ ፀሐዩ ክንድ ያቃጥላል። መንገዱ ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር ቡናው አለቀና እንሰት ብቻ ሆነ፤ ከዚያ ቀርከሃ መጣ፤ ከዚያ ጉም። ጉልበቴ በብርድ ደነዘዘ። እማዬ ጋቢዋን በኔ ላይ ጠቅልላ ሆዴ ላይ አሰረችው። በየዳገቱ ቆመን፣ ሁላችንም ተንበርክከን እጃችንን ሞተሩ ላይ እናሞቃለን። ለሚ «ይሄ ሞተር እሳትም ይሆናል፤ አንድ ቀን ደግሞ ዳቦ ይጋግርልናል» ሲል እማዬ ሳቀች። ከወጣን ጀምሮ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

ስንደርስ ጋሼ ዳምጠው ሞተሩን ከሩቅ አጥፍቶ እየገፋ ሄደ። ቤንዚን ሊቆጥብ መሰለኝ። ከፊታችን ሰፊ ሜዳ፣ ከሜዳው ጫፍ በእንሰት የተከበበ አንድ የሣር ቤት አለ። በአጥሩ በር ላይ አንዲት አሮጊት ቆመዋል። ቀጭን ናቸው፤ ራሳቸው ላይ ጥቁር ሻሽ፣ ትከሻቸው ላይ የወንድ ኮት። ጋሼ ዳምጠው ኮፍያውን አውልቆ በጌዴኦኛ ትንሽ ተናገረ። እማዬ ቀርባ ከወገቧ ጎንበስ አለች። አሮጊቷ እሱን አዩ፣ እሷን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ድንኳኑን አዩ፤ አንዲት አጭር ነገር ተናግረው ገቡና በሩን ዘጉ። እማዬ እንደ ጎነበሰች ቀረች። የወደቀባት ነገር ያለ መስሎኝ አብሬያት ሣሩ ውስጥ መፈለግ ጀመርኩ።

«ምን አሉ?» አልኩት ለሚን።

«ሜዳው ላይ ሁኑ ብለዋል።»

ያሉት እንኳ «ሜዳው የመንግሥት ነው፤ ከዚያ ላባርርህ አልችልም» ነው። እኔ ግን ከለሚ ቃል ተነስቼ የሜዳው ባለቤት ናቸው ብዬ ደመደምኩ። ስማቸው እማማ መሰለች ይባላል ተባልኩ። የጋሼ ዳምጠው እናት መሆናቸውን የነገረኝ የለም፤ የሁሉም ሰው ልብ በራሱ ጭንቀት ተይዞ ነበርና ማንም ልብ አላለም።

ያን ሌሊት እኔን መሀል አድርገው ተደርድረን ተኛን። ጠዋት ስወጣ ሜዳው በሙሉ ነጭ ሆኗል። ጨው የተበተነበት መስሎኝ በጣቴ አንስቼ ቀመስኩት፤ ምላሴ ላይ ውሃ ሆነ። ውርጭ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ሌሎቹ ገና አልተነሱም። እኔ መጽሐፌን ይዤ፣ አጥሩ አጠገብ ፀሐይ የወጣችበት ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ማጥናት ጀመርኩ።

እማማ መሰለች ላም አልበው ሲመለሱ አዩኝ።

«ምን ታደርጋለህ?» አሉኝ። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፤ ሁሉንም እንደመጣላቸው ነው።

«ደጅ ጥናት ነው የመጣነው» አልኳቸው።

የወተቱን ዕቃ መሬት ላይ አስቀመጡት።

«ማነው እንደዚህ በል ያለህ?»

«ማንም። ሲያወሩ ሰምቼ ነው። እማዬ ብርድ ነው አለች፤ በኋላ ግን እስኪያልቅለት አልመለስም አለች።»

«እናትህ እንደዚህ አለ?»

«አዎ። ጀምሮ ማቋረጥ አትወድም።»

«ደጅ ጥናት እኔ አውቃለሁ» አሉ። «ባሌ ሲሞት፣ በዚህ መሬት ነገር ወረዳ ሄጄ ጠናሁ። ከባድ ነው። እግር ያማል።»

«እኔ አይከብደኝም። ከክፍል ሁለተኛ ነኝ።»

ይህን ሲሰሙ መጽሐፉን አዩት፤ ከዚያ እኔን። ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ግን አልሳቁም።

«ፈተና አለው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«አለው።»

«ማን ነው የሚፈትነው?»

«እኔ።»

መጽሐፌን ዘግቼ ተነሳሁና ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ጥያቄው ግን ከአካባቢ ሳይንስ አልነበረም።

«ዳምጠው ይመታሃል?»

«አይመታኝም። አንድ ቀን ፀጉሬን ልሥራልሽ ብሎ አበላሸው፤ እማዬ እንደገና ፈታችው።»

«እናትህ ይቆጣታል ዳምጠውን?»

«እጁን ሳይታጠብ መሶብ ሲነካ ትቆጣዋለች።»

«ጥሩ ነው» አሉ። ቀጥለው፣ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው፣ «ይስቃል?» አሉኝ።

«ማን?»

«ዳምጠው። አባቱ ሲሞት ሳቅ ተወ። እኔ ቤት አይስቅም ነበር።»

«በጣም ይስቃል። እሱ ሲስቅ ጎረቤት ይሰማል። እማዬ አንዳንዴ ደንበኛ አለ ዝም በል ትለዋለች።»

ፊታቸውን ወደ ላሚቱ አዞሩ። ላሚቱ ምንም አልሆነችም፤ እሳቸው ግን ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

«አለፍኩ?» አልኳቸው።

«ገና ነው።»

«ገናማ ትናንት ነበር።»

ያኔ ሳቁ። ሲስቁ ጥርሳቸው የጎደለበት ይታያል፤ አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ ሸፈኑ። ገብተው በትልቅ የሸክላ ሳህን የቡላ ገንፎ አመጡልኝ፤ መሀሉ ላይ ቅቤውና ሚጥሚጣው ቀልቷል። «ብቻህን አትጨርስም» አሉኝ። ሌላ ነገር አላሉም።

ድንኳን ይዤው ስገባ ሦስቱም ቀና አሉ። ጋሼ ዳምጠው ሳህኑን እንደሚያውቀው ሰው አየው። እማዬ አንድ ጊዜ ጎርሳ እንባዋ ወረደ።

«ሚጥሚጣው በዝቶ ነው» አለችኝ።

እኔም አምኜ ውሃ አመጣሁላት።

ቀኑ ሲሞቅ ሜዳው ወደ ገበያ ተለወጠ። የሰፈሩ ልጆች ሞተሮቹን ለማየት መጡ፤ ለሚ እየተራ አስቀምጦ ያዞራቸው ጀመር። ቀጥሎ እናቶቻቸው መጡ፤ ቀጥሎ ሽማግሌዎች በዱላቸው ተደግፈው። እማዬ ይህን ሁሉ ዳር ቆማ ስታይ ቆየችና ነጠላዋን አደግድጋ ወደ ያማሃው ሄደች።

«ሸዋ፣ ዛሬ ይቅር» አላት ጋሼ ዳምጠው።

«ለምን ይቀራል? ማን እንደሆንኩ ይዩኝ።»

ሞተሩን ረግጣ አስነሳችው። ማርሽ ስታስገባ አንድ ጊዜ ዘለለ፣ ከዚያ ተስተካከለና ሜዳውን ዞረች። ያ ሁሉ ቅዳሜ ጓሮ ውስጥ ሻይ ብቻ ሲጠጣ አልከረመም ለካ። ሁለተኛ ስትዞር ነጠላዋ ተፈቶ ከኋላዋ ተውለበለበ፤ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። እኔ በኩራት ልፈነዳ ነበር። ጋሼ ዳምጠው ግን ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ «አበላሸነው፣ ለሚ፣ አበላሸነው» ይላል። ቤንዚኑ ሊያልቅ ነው ብዬ እኔም ሠጋሁ።

ዞር ስል እማማ መሰለች ከአጥራቸው በር ወጥተው ቆመዋል። አጠገባቸው ያለችውን ጎረቤት አንድ ነገር ጠየቋት።

«ምን አሉ?» አልኩት ለሚን።

«‹ራሷ ናት የምትነዳው?› ነው ያሉት።»

እማዬ መንጃ ፈቃድ አልነበራትም። ሊከሱን ነው ብዬ በጣም ደነገጥኩ።

ከሰዓት በኋላ ያለ ወቅቱ ዝናብ መጣ። መጀመሪያ ነፋሱ፣ ተከትሎ በረዶ የቀላቀለ ውሃ። ሜዳው ባንዴ ባዶ ሆነ። የድንኳኑ አንድ ገመድ ተነቀለ፤ ጋሼ ዳምጠው ምሰሶውን በሁለት እጁ አቅፎ ቆመ። ብርድ ልብሱ ረጠበ። ለሚ ሳይመሽ እንውረድ አለ።

«ሸዋ፣ ይበቃል» አላት ጋሼ ዳምጠው። «ልጅቷ ትታመማለች።»

«እሷን ይዘሃት ውረድ። እኔ የትም አልሄድም።»

እንዲህ ሲባባሉ ከማዶ ድምፅ መጣ። እማማ መሰለች ከቤታቸው በር ላይ ሆነው በእጃቸው እየጠሩኝ ነው። «ልጁን አምጣ! ልጁን!» እማዬ ወደዚያ ገፋ አደረገችኝ፤ እየሮጥኩ አጥሩን አልፌ በራቸው ላይ ደረስኩ። ቤቱ ውስጥ ትልቅ እሳት ይነዳል፤ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። አንድ እግሬን ላስገባ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝና ቆምኩ።

«እማማ፣ ደጅ ጥናት ቤት ውስጥ ሲሆን ይቆጠራል?»

«አይቆጠርም» አሉኝ፤ ሳያስቡት እውነቱን ነው የመለሱልኝ።

«እንግዲያው አልገባም። ከነሱ ተለይቼ እወድቃለሁ።»

ተመልሼ በዝናቡ ሮጥኩ።

ድንኳን ገብቼ ገና እማዬ ራሴን ስታደርቅልኝ፣ በሩ ላይ አንድ ትልቅ የእንሰት ቅጠል ብቅ አለ። ከቅጠሉ ሥር እማማ መሰለች ነበሩ። በሌላ እጃቸው አንድ ደረቅ ቡልኮ ይዘዋል። ቅጠሉን ጥለው እማዬ ፊት ቆሙ።

«አንተ እኔ ቤት አይገባም ብያለሁ» አሏት። «በጸሎት ጉባኤ ፊት ተናግሬአለሁ። ቃሌን አልበላም። እኔ አንተ ቤት አልገባም ግን አላልኩም። ይሄ ያንተ ቤት ነው?»

እማዬ የሚያንጠባጥበውን ጣሪያ ቀና ብላ አየች።

«የኔ ነው፣ እማማ። ይግቡ።»

እሳቸው አስቀድመው ተቀምጠው ነበር። ቡልኮውን በኔና በእማዬ ላይ ጣሉብንና፣ «ለምን አልነገራችሁኝም?» አሉ። «ገበያ ላይ ጎመን እየሸጥኩ፣ ጎረቤት መጣና እንኳን ደስ አለሽ አለኝ። ምን እንደሆነ አላወቅኩም። አሜን አልኩ።»

ጋሼ ዳምጠው ምሰሶውን እንዳቀፈ አንገቱን ደፋ።

«እምቢ ይሉናል ብለን ፈራን» አለች እማዬ። «ባል የሞተብኝ ነኝ፣ ልጅ አለኝ፣ የሩቅ አገር ሰው ነኝ።»

«እምቢ እል ነበር» አሉ እማማ መሰለች። «አንድ ወር እምቢ እል ነበር። ከዚያ እሺ እል ነበር። እናት አንድ ጊዜ እምቢ ማለት አላት። እሱን ወሰዳችሁብኝ።»

እማዬ ተነስታ ጉልበታቸውን ሳመች። «አጥፍተናል፣ እማማ» አለች፤ ጋሼ ዳምጠውም «አጥፍተናል» አለ፤ ምሰሶውን ለቆ ሊስማቸው ሲመጣ ድንኳኑ በሁላችንም ላይ ወደቀ። ከርጥቡ ሸራ ሥር መጀመሪያ የተሰማው የሱ ሳቅ ነበር፤ ቀጥሎ የሳቸው።

እኔ የተጣላነው ሜዳውን ሳናስፈቅድ ስለያዝን ነበር የመሰለኝ። ይቅርታ መጠየቃችንም ተገቢ ነው ብዬ አሰብኩ።

እማማ መሰለች ቃላቸውን አላጠፉም። እማዬ ያንን የሣር ቤት አንድም ቀን አልረገጠችውም። ቡሌ በወጣን ቁጥር እሳቸው ምንጣፍ ይዘው ወደ ሜዳው ይወጣሉ፤ ምግቡ ይወጣል፣ ጎረቤቱም ይወጣል። በሁለተኛው ዓመት ጋሼ ዳምጠው ከጎኑ የቆርቆሮ ቤት ሠራላቸው፤ የሣሩ ቤት ለላሞቹ ሆነ። የቆርቆሮውን ቤት መጀመሪያ እንድትረግጥ ያደረጉት እማዬን ነው።

ያን የዝናብ ሌሊት ድንኳኑን መልሰን ተክለን አደርን፤ እሑድ ሰማዩ ጠርቶ ነጋ። ድንኳኑን ጠቅልለን ስናበቃ እማማ መሰለች ኮታቸውን ለብሰው፣ ቆጮና አይብ በቅጠል አስረው መጡ።

«ያንተን ቤት አየሁ፤ ያፈሳል» አሏት እማዬን። «ዲላ ሌላ ቤት አለ ይላሉ። እሱን አያለሁ።»

ጋሼ ዳምጠው በደስታ ያማሃውን ሊያስነሳ ሲሄድ ጃኬቱን ይዘው አስቆሙት። እሱ ልጅ ሆኖ ከበቅሎም ከአህያም ወድቋል፤ ከሱ ጋር አይሄዱም። ትናንት ሜዳውን ሦስት ጊዜ የዞረው ሰው ይንዳ አሉ። ስለዚህ ወደ ዲላ ስንወርድ እማዬ ነዳች፣ እኔ መሀል፣ እማማ መሰለች ከኋላ። ጋሼ ዳምጠው ለሚ ጀርባ ላይ፣ ድንኳኑ ላይ ተፈናጦ ይከተለናል። በየቁልቁለቱ እማማ መሰለች ዓይናቸውን ጨፍነው መዝሙር ይዘምራሉ፤ ሜዳማው ላይ ስንደርስ መዝሙሩን አቋርጠው «ጨምር» ይላሉ። ጉሙ ከኋላችን ቀረ፤ ቀርከሃው አለቀ፤ ቡናው ሸተተን።

ሱቃችን በር ላይ ስንቆም ጎረቤታችን እትዬ መነን ወጣች። እማዬን መሪ ይዛ ስታይ አማተበች። ቀጥላ አሮጊቷን አየችና ወደኔ ጎንበስ ብላ፣ «አክሱዬ፣ እኚህ እናት ማን ናቸው?» አለችኝ።

«የቡሌው ሜዳ ባለቤት ናቸው» አልኳት። «ቤታችንን ሊያዩ ነው።»

እማማ መሰለች ጉልበታቸውን ይዘው ከሞተሩ እየወረዱ ነበር። ሰሙኝ። መሬት ረግጠው ኮታቸውን አስተካከሉና እጃቸውን ራሴ ላይ አሳረፉ።

«አያቱ ነኝ» አሏት እትዬ መነንን።

እኔ ቀና ብዬ እማዬን አየሁ። እማዬ ጋሼ ዳምጠውን አየች። እሱ አፉን በመዳፉ ይዞ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እኔ የሰማሁትን እያሰላሰልኩ፣ እነሱ እየሳቁ፣ ሁላችንም ፀሐይ ላይ ተገትረን ሳለ እማማ መሰለች ጫማቸውን በሩ ላይ አውልቀው፣ ማንም ይግቡ ሳይላቸው ገቡ። ወንበር ሲጎትቱ ተሰማን።

«ምን ቆማችሁ?» አሉን ከውስጥ። «ግቡ እንጂ።»